ላልተሠራ ባሕር ሽፋን

ጥቅምት 4

የመኪና እሽቅድምድሙን ፊልም ሽፋን ጨርሼ ላክሁ። ቀይ ሰማይ፣ ጥቁር መንገድ፣ በትልቁ የተጻፈ ርዕስ። ሙዚቃውን እስከ ግማሹ እንኳ አልሰማሁትም። ምን ይደረግ… ከበሮ ነው፣ የጎማ ጩኸት ነው፣ ደግሞ ከበሮ ነው። የማጀቢያ ሙዚቃ ሽፋን እንዲህ ነው የሚሠራው። ፊልሙን ያየው እንዲያስታውሰው፣ ያላየው እንዲጓጓ። ከዚያ በላይ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ አሳታሚዋ ደወለች። እሷ ስትደውል ሰላምታ የለም።

«የአንድ ቪዲዮ ጌም ሙዚቃ በሸክላ ላወጣ ነው። ሽፋኑን ትሠሪዋለሽ?»

«ጌሙ ምንድነው?»

«ጌሙ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«አልወጣማ! ስንት ዓመት ሲሠሩት ኖረው ድርጅቱ ተዘጋ። ሙዚቃው ብቻ ቀረ። አንቺ ብቻ ስሚውና ንገሪኝ።»

ማንም ያልተጫወተው ጌም፣ ማንም ያላየው አገር… ለዚህ ደግሞ ሽፋን። እሺ አልኩ። እንቢ ማለት መች አውቅበታለሁ?

ታላቅ እህቴ እትዬ ከሆስፒታል ስትመለስ ነገርኳት። መንታ ስታዋልድ ውላ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርራ ነበር። ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

«እኔ ስንቱን ስቀበል ኖርኩ፤ ላልተወለደ ልጅ ካባ ሲሰፋ የሰማሁት ግን ዛሬ ነው» አለችኝ።

ጥቅምት 6

ሰማሁት።

ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። እንደ ልማዴ ሰሃን እያጠብኩ ነበር የከፈትኩት። ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ ቧንቧውን ዘጋሁት። አራተኛው ላይ ተቀመጥኩ… ወለሉ ላይ፣ እጄ አረፋ እንደሆነ።

የጌሙ ስም «የሸሸው ባሕር» ነው። ባሕሩ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ሄዷል። ተጫዋቹ ደርቆ በቀረው የባሕር ወለል ላይ ይሄዳል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ጠላት የለው፣ ጥይት የለው። ሙዚቃው ግን… ባለ ወፍራም ድምፅ ቼሎዎቹ ከታች እንደ መሬት ተዘርግተዋል። አንድ ክላርኔት ብቻውን ከሩቅ ይመጣል። ትንሽ ሰው፣ ትልቅ ቦታ። ደረቴ ውስጥ የማላውቀው አንድ ክፍል ኖሮ፣ አንድ ሰው ገብቶ መብራት ያበራበት መሰለኝ።

ሙሉውን ሁለቴ ሰማሁት። እኔ! ሰሃኑ እንደቆሸሸ አደረ።

የመጨረሻው ሙዚቃ ግን የለበትም። ርዕሱ ብቻ አለ፦ «መመለሻ»። በወሩ መጨረሻ ገደማ ይቀረጻል አለች አሳታሚዋ።

ጥቅምት 11

ረቂቁን ይዤ ወደ አሳታሚዋ ቢሮ ሄድኩ። የሙዚቃው ደራሲ እዚያ ጠበቀኝ። ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው። ኮቱ ከሱ የሚበልጥ፣ አጠር ያለ ሽማግሌ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ኪሱ ውስጥ ይፈልገዋል።

ረቂቄ ያምር ነበር። ለራሴ ልመስክር። ደረቅ ሜዳ፣ ከሩቅ አንድ ረጅም ማማ፣ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው፣ ነፋስ የሚያነሣው ካባ።

ጋሼ ብዙ አየው።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ተጫዋቹ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ጀርባውን ሰጠኝ? አስቀይሜዋለሁ?»

አሳታሚዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«አይ፣ ያምራል። ግን ይሄን ሰውዬ የማውቀው መሰለኝ። ሌላም ቦታ ጀርባውን ሰጥቶኛል።»

ጆሮዬ ጋለ። እውነቱን እኮ ነው። ያን ሰውዬ ራሴ ስንቴ ስዬዋለሁ? ተራራ ፊት አቁሜዋለሁ፣ የሚቃጠል ከተማ ፊት አቁሜዋለሁ፣ አንዴ እንዲያውም ጨረቃ ላይ ወስጄዋለሁ። ካባውን ብቻ እየቀየርኩለት።

«ገብተሽበታል?» አለኝ ጋሼ።

«የት?»

«እዚያ። ባሕሩ የነበረበት።»

«አሁንም አለ እንዴ?»

«የሠራው ልጅ ቤት፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ አለ ይላሉ። እኔም ገብቼ አላውቅም። ድርጅቱ ከተዘጋ ወዲህ አልደወለልኝም።» የኮቱን እጅጌ ጠቀለለና… «እኔም አልደወልኩለትም።»

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «ያ ሰውዬ ሽፋኑ ላይ ካለ፣ እባካችሁ የኔ ስም አይኑርበት» አለ። በቁጣ ቢለው ይሻል ነበር። በትሕትና ነው ያለው።

ጥቅምት 12

ስናደድ ዋልኩ። በማን? በራሴ መሰለኝ…

ጥቅምት 15

የጌሙ ሠሪ ቤት ሄድኩ። ጓደኞቹ «ቀንድ አውጣ» ነው የሚሉት፤ አንዲት ቋጥኝ ሠርቶ ለመጨረስ አንድ ወር ይፈጅበት ነበር አሉ። ሚስቱ ናት በሩን የከፈተችልኝ። እሱ ከኋላዋ ቆሞ የቤት ዕቃ የሰበረ ልጅ ይመስላል።

«አሁን የሊፍት መቆጣጠሪያ ነው የምሠራው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ጥሩ ነው። ያልቃል።»

ኮምፒውተሩ ያለው ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ከማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ፣ አንሶላ ለብሶ። አንሶላውን ሲገፍፍ እጁ ቀስ አለ… የታመመ ሰው እንደሚገልጥ። ጆይስቲኩን ሰጠኝ። «ወደ ፊት ብቻ ግፊው። ሌላ ነገር የለውም።»

ገፋሁት።

አምላኬ!

እንዴት አድርጌ ልጻፈው? መሬቱ የተሰነጣጠቀ ነጭ ነው፤ ጨው ነው። ከጨው ውስጥ የመርከብ የጎድን አጥንት ይወጣል፣ ከፎቃችን የሚረዝም። ደርቀው የቀሩ የባሕር ተክሎች እንደ ዛፍ ቆመዋል፤ ነፋስ ሲነካቸው ይንኳኳሉ። አንድ ገደል አለ፣ ወርጄ ወርጄ አላልቅ አለኝ። ታች ስደርስ ቀና አልኩ። የባሕሩ ዳርቻ የነበረው ደመና ላይ ሆኗል። ማለት… እኔ የቆምኩት መርከቦች ቁልቁል እንኳ አይተውት የማያውቁት ቦታ ላይ ነው። 

ሙዚቃው ደግሞ ከእርምጃዬ ጋር ነው። ስሄድ ቼሎዎቹ ይሄዳሉ። ስሮጥ ይነሣሉ። ስቆም አንድ በአንድ ይተዋሉ፤ ክላርኔቱ ብቻ ይቀራል። እሱም እየጠበቀኝ ነው። ሰው አጠገቤ እንዳለ ሁሉ ዝም ብዬ ቆምኩ። እንዳላሳዝነው።

ቀንድ አውጣ ከኋላዬ፣ «ሁሉም እዚያች ጋ ይቆማል» አለ በቀስታ።

መጨረሻ ላይ ሰፊ ሜዳ ደረስኩ። ከሜዳው ወዲያ ግራጫ ነገር ብቻ። ብገፋው አይሄድም።

«ከዚህ ወዲያ የለም።»

«ምን ነበር የታሰበው?»

«ባሕሩ ሊመለስ ነበር።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጋሼ ሙዚቃውን ጽፎ ሰጠኝ። በፒያኖ አጫወተልኝ። ምን እንደሚል ገባኝ። ሰው ባሕሩን አይቶ የማይሸሽበት… እዚያው ቆሞ የሚቀበልበት። ስንት ጊዜ ሠራሁት መሰለሽ! ሁሌ ጎርፍ ይሆንብኛል። ውሃው ይመጣል፣ ግድግዳ ይሆናል፣ ሰዉ ይጮሃል። ያሳየሁት ሰው ሁሉ ጨዋታው ውስጥ ዞሮ ሮጠ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያበደሩን ሰዎች ትዕግሥታቸው አለቀ። ሁሉም ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። ለሽማግሌው ምን ብዬ ልደውል? መጨረሻህን መሥራት አቃተኝ ልበለው?»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ይኸው ይሄን ለኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም» አለች።

ጥቅምት 16

እትዬን እንቅልፍ ነሣኋት። መርከቡን ነገርኳት፣ ገደሉን ነገርኳት፣ ክላርኔቱን በአፌ ላስመስልላት ሞከርኩ።

«አፍቅረሻል» አለችኝ።

«ማንን?»

«እኔ ምን አውቄ! ጨው ይሆናል።»

ጥቅምት 22

«መመለሻ» ዛሬ ተቀረጸ። ጋሼ እንድመጣ አስጠርቶኝ ነበር።

አዳራሹ ባዶ ነው። ሙዚቀኞቹ መድረክ ላይ ናቸው፤ አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ሹራቡን ያወልቃል፣ ሁለቱ ስለ መኪና ማቆሚያ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ከታች፣ ባዶዎቹ ወንበሮች መካከል። አሳታሚዋ ቀንድ አውጣንም ጠርታዋለች። ጋሼ ሙዚቀኞቹን የሚመራበትን ቀጭን ዱላ ከማንሣቱ በፊት በሩን አየ። ደግሞ አየ። አልመጣም።

ዱላው ተነሣ። ምንም የለም። አልጀመሩም እንዴ ብዬ ነበር። መድረኩ ላይ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ አንገቴ ላይ አንድ ነገር… ድምፅ ነው ልበል? እንደ ብርድ ነው የመጣው። ዞር አልኩ። ቫዮሊኖቹን ከኋላ አስቀምጧቸዋል፤ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ። በጣም ቀጭን ድምፅ፣ ክር የሚያህል። ከዚያ በግራ በኩል ሌላ ክር። ከዚያ በቀኝ። መድረኩ ገና ዝም ብሏል። ልክ መቼ እንደተከበብኩ አላውቅም። ቼሎዎቹ ከፊት ሲነሡ በኔ ላይ ቀድሞ ሞልቶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ። የሚያዛጋው፣ የሚጨቃጨቀው… እነዚያው ሰዎች እኮ ናቸው! ከየት አመጡት? ይሄ ሁሉ የት ነበር ቅድም?

አለቀ። ጉንጬ እርጥብ እንደሆነ ያወቅሁት አሳታሚዋ መሐረብ ስትሰጠኝ ነው። መሐረቡም ቀድሞ በሷ እንባ ርሶ ነበር።

ጋሼን ጠየቅሁት። «ቫዮሊኖቹን ለምን ከኋላ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። መጀመሪያ ከፊት ጻፍኩት፤ አስፈራኝ። ከኋላ ሲመጣ ግን… አላስፈራኝም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የሰማሁትን ጻፍኩ።»

ጥቅምት 27

አልሆነም። ዛሬም አልሆነም። ባሕር እስላለሁ፣ ግድግዳ ይሆናል። ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ኩሬ ይሆናል። የቀንድ አውጣ በሽታ ተላለፈብኝ።

አሳታሚዋ ደወለች። ማተሚያ ቤቱ የሰጣት ቀን ኅዳር 20 ነው። የጌሙ ባለመብቶች ሙዚቃውን የፈቀዱላት እስከ ጥር ብቻ ነው። ካለፈ አለፈ፤ ማንም አያወጣውም።

«ሥዕል ካላመጣሽልኝ ያን ጀርባውን የሰጠውን ሰውዬ ነው የማትመው» አለች።

«የጋሼ ስም ሳይኖርበት?»

«የጋሼ ስም ሳይኖርበት። ጨርሶ ከሚቀር አይሻልም? አንቺ ምን ትያለሽ?»

ምን እላለሁ? ያን ሙዚቃ የጻፈው ሰው ስም በኔ ሰነፍ ሥዕል ምክንያት ሊቀር ነው።

ጥቅምት 29

እትዬ ወረቀቶቹን ከወለሉ እየለቀመች፣ «ባሕር ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ባሕር አይቻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። እኔ ምጥ በመጽሐፍ ተምሬ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያዋን እናት አየሁ። መጽሐፉን ረሳሁት።»

ባሕሩ በየቀኑ በጣም ርቆ የሚሸሽበት ዳርቻ አለ፤ በአውቶቡስ ይደረሳል። ከነገ ወዲያ እረፍት ናት። እንሄዳለን አለች። እንሂድ አላለችም።

ኅዳር 1

በሕይወት ተመልሰናል። መጀመሪያ እሱን ልጻፍ።

ስንደርስ ባሕሩ የለም። እውነቴን ነው፣ የለም! እስከ ዓይን መጨረሻ እርጥብ አሸዋ። ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተዋል። እትዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ሮጠች። እኔም ገባሁ። ርቀን ሄድን፤ ዳርቻው ላይ ያሉት ቤቶች የክብሪት ሳጥን አከሉ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ የሚመጣበትን እያየሁ መሳል ጀመርኩ። ከሩቅ አንዲት ነጭ መስመር ትታያለች። እሷን እጠብቃለሁ። ግድግዳዋን።

አትመጣም። ዝም ብላ እዚያው ናት።

«አንቺ ልጅ!» አለች እትዬ። ድምፅዋ የቤቱ አይደለም፤ የማዋለጃ ክፍሉ ነው። «ወደ ኋላሽ እዪ!»

ዞርኩ። ከኛና ከዳርቻው መካከል ውሃ አለ።

መቼ መጣ? ምንም ድምፅ አልነበረውም። አሸዋው ውስጥ ዝቅ ያሉ ቦዮች ኖረዋል፤ ባሕሩ በነሱ ዞሮ ከጀርባችን ገብቷል። ክር ክር እያለ። አንዱ ክር ከሌላው ሲገናኝ ይሰፋል። ከዳርቻው አንድ ሰው እጁን እያወናጨፈ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ይለናል። ሮጥን። ቦርሳዬን አናቴ ላይ አድርጌ፣ እትዬ ክንዴን ይዛ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ጭን። «እግርሽን አንሺ! ተንፍሺ! ትንሽ ቀረሽ! በርቺ!» ትለኛለች። የምታዋልድ መስሏት ነው መሰለኝ። መሃል ላይ ሁለታችንንም ሳቅ ያዘን። እያለቀስን ነበር የሳቅነው።

ወጣን። ሰውዬው፣ «ባሕር ፊት ለፊት አይጠበቅም፣ እህቶቼ» ብሎ ተቆጥቶን ሄደ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ልብሳችን እንደረጠበ፣ ሲሞላ አየነው። ሰማዩ ብርማ ነበር። አሸዋው ቡናማ። እያንዳንዱ ክር ውሃ ሲዘረጋ ግን ያለበት ቦታ ሰማይ ይሆናል። ቡናማው ላይ አንድ የሰማይ ክር። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የሰማይ ሐይቅ። መሬቱ ትንሽ በትንሽ ወደ ሰማይ ተቀየረ፣ ተኝተው የነበሩት ጀልባዎች አንድ በአንድ ቀና አሉ። ማንም አልነካቸውም። ራሳቸው ቀና አሉ!

አልጮኽኩም፣ አልሳልኩም። እትዬ እጄን ያዘች። እሷም ዝም። እሷ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 3

የምስልበትን ታብሌት ዘጋሁት። በብሩሽ፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን አርጥቤ ቀለሙን ስጥልበት እንደ ቦዮቹ ራሱ መንገዱን ይፈልጋል። የኔ ሥራ መከተል ብቻ ነው።

ኅዳር 4

አበላሸሁ። ሰማዩ በዛ።

ኅዳር 6

አለቀ። መሰለኝ። ማማው የለም፣ ሰውዬው የለም። ከታች የተሰነጣጠቀ ነጭ ጨው፣ ከየስንጥቁ የሚወጣ ሰማይ።

እትዬ ካፖርቷን እንደለበሰች ፊቱ ቆመች።  «እኔ የቱ ጋ ነኝ የቆምኩት?» አለች። ከዚያ ወደ ራሷ እግር አየች።

ኅዳር 8

ለጋሼ ወሰድኩለት። ቤቱ ፒያኖና ወረቀት ብቻ ነው፤ እኔን ለማስቀመጥ ወንበር ላይ የነበረ ሲምፎኒ ወለሉ ላይ አወረደ። መነጽሩን ከግንባሩ ሳበ፤ ዛሬ ሳይፈልግ አገኘው።

ጣቱን አንዱ የውሃ ክር ላይ ሳይነካው አስሄደ። «ከኋላ ነው» አለ። «አይደል? ከኋላችን መጥቷል።» ከዚያ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። «እኔ ጻፍኩት እንጂ አላየሁትም ነበር።»

ስሙ ይኑርበት እንደሆነ ልጠይቀው ነበር።  እሱ ራሱ ቀድሞኝ ተናገረ። «ያንቺን ስም ከኔ ጎን አድርጊው። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ አይደለም።»

በሩ ላይ ደግሞ፣ «ለዚያ ልጅ አሳዪው። እኔ ብወስድለት ልወቅሰው የመጣሁ ይመስለዋል» አለኝ።

ኅዳር 9

ቀንድ አውጣ ሥዕሉን ማጠቢያ ማሽኑ ላይ አቆመው። ጎንበስ ብሎ ያየዋል። እኔ ስለ ዳርቻው፣ ስለ ቦዮቹ፣ ስለ እትዬ ለፈለፍኩ። ጋሼ ቫዮሊኖቹን የት እንዳስቀመጣቸው ስነግረው ግን ቀና አለ።

«ከኋላ?»

«ከኋላ።»

«እኔ ሁሉን ጊዜ ፊት ለፊት ነበር የማመጣው…» ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ከፊት የመጣ ነገር ሁሉ ግድግዳ ነው። ነው እንዴ? ይሄን ያህል ቀላል ነው?»

ፎቶ አነሣውና ሥዕሉን መለሰልኝ። ደህና ዋይ እንኳ አላለኝም። ሚስቱ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። «አታዝኚበት፤ እሱ ሲደሰትም እንደዚሁ ነው» አለች። ተደስቶ ነው? ወይስ አስቀየምኩት? እንጃ።

ኅዳር 20

ከጋሼ ጋር ማተሚያ ቤት ዋልኩ። የማሽኑ ጩኸት እግር ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሉሆች ሲወጡ ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ መጣ።  ጋሼ «የታመመ ባሕር» አለው። አታሚው ግን አልደነገጠም፤ ቢጫውን ትንሽ ቀነሰ፣ ደግሞ ትንሽ… በስተመጨረሻ ያን ብርማ ቀለም አገኘው።

ከዚያ ማሽኑን ለቀቀው። ባሕሬ እየተደራረበ ወጣ። አንዱ በሌላው ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ። ስንት ሽፋን ሠርቻለሁ፤ ማተሚያ ቤት ቆሜ አፌን የከፈትኩበት ቀን ግን አልነበረም። ለብቻዬ የጣልኳት ጠብታ ሳትቀር አለች። በሁሉም ላይ አለች።

ቀንድ አውጣ ተጠርቶ ነበር። አልመጣም። ጋሼ በሩን አላየም ዛሬ። አለማየቱ ነው ያሳዘነኝ።

ታኅሣሥ 3

ሸክላዎቹ መጡ። እትዬ አንዱን ሽፋን ሆስፒታል ወስዳ ነርሶች ክፍል ሰቀለችው። «የእህቴ ነው» ትላለች ለገባ ለወጣው። «ውሃ ውስጥ ልሰጥም ስል ነው የተሣለው» ብላም ትጨምራለች።

አሳታሚዋ አዲስ ሥራ አመጣች፤ የፊልም ነው። ሳልሰማ፣ ፊልሙንም እስከ መጨረሻው ሳላይ እርሳስ አላነሣም አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት!  «ተበላሸሽ» አለች። ግን እየሳቀች ነው።

ማታ ላይ የስልክ መልእክት ገባ። ከቀንድ አውጣ። «ከነገ ወዲያ ነይ። እሱንም ይዘሽው ነይ። እባክሽ።»

ታኅሣሥ 5

ጋሼ በየደረጃው መታጠፊያ እየቆመ ነው የወጣው። «ደረጃው አይደለም፣ ልቤ ነው» አለኝ። ሲወለወል የዋለ አዲስ ጥቁር ጫማ አድርጓል።

ቀንድ አውጣ በሩን ከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል። ከስቷል።

«ጋሼ…»

«ከሳህ» አለው ጋሼ።

«ዘገየሁ።»

«ስምህ ምን ሆነና!»

እንዴት እንደተቃቀፉ አላየሁም፤ የኔ ዓይን ነው ያስቸገረኝ። ጋሼ ጀርባውን ሲመታው ብቻ ሰማሁ፤ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ።

ሁላችንም ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ተጨናነቅን። ያለችውን አንድ ወንበር ለጋሼ ሰጠነው። እኔ ማሽኑ ላይ ወጣሁ፣ ሚስቱ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ፣ ቀንድ አውጣ ጋሼ እግር ሥር ወለሉ ላይ። ጋሼ ጆይስቲኩን ገልብጦ ያዘው። ቀንድ አውጣ አዙሮ ሰጠው።

«ወደ ፊት ብቻ ይግፉት።»

ገፋው። ቋጥኝ ገጨ። ይቅርታ ጠየቀ… ቋጥኙን! ከዚያ ሄደ። መርከቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቼሎዎቹ አንድ በአንድ ተዉት፣ ክላርኔቱ ቀረ።

«ስቆም ይቆማል?»

«እርስዎን ነው የሚጠብቀው፣ ጋሼ።»

ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ያን ክላርኔት ሰማው። ራሱ የጻፈውን። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ይመስል ነበር። ማንም አላቻኮለውም።

ሜዳው ጋ ደረሰ። ግራጫው የለም። ሜዳው እስከ መጨረሻ ነጭ ሆኖ ይሄዳል፤ ባዶ።

«አሁንስ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ይቁሙ ብቻ።»

ቆመ። ጠበቅን። ክላርኔቱም ዝም አለ። ከዚያ ከኋላችን… መደርደሪያው ላይ፣ የሳሙና ዕቃው ጎን፣ ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያ አስቀምጧል ለካ። ቫዮሊኖቹ። ክር የሚያህሉ። ጋሼ ሊዞር አለና ተወው። ስክሪኑ ላይ፣ እግሩ ያለበት ጋ፣ ከስንጥቁ አንዲት የሰማይ ክር ወጣች። ከዚያ ሌላ። ተገናኙ። ነጩ ጨው እየጨለመ፣ እያበራ፣ ሰማይ እየሆነ ሄደ። ከሩቅ ያ ግዙፍ የመርከብ አጥንት ሲጢጥ አለ። አምላኬ… ቀና አለ! አልሮጥንም። ማንም አልጮኸም። የሚስቱ ፎጣ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ጋሼ ሁለቱን እግሮቹን ቀስ አድርጎ ከወለሉ አንሥቷል። አየር ላይ ይዟቸዋል። ማንም አልሳቀም።

«አይፍሩ፣ ጋሼ» አለ ቀንድ አውጣ። በሹክሹክታ።

«አልፈራሁም፣ ልጄ። ጫማዬ አዲስ ነው።»

ከዚያ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ቆይቶ ሌላውን፣ እግሮቹን መልሶ አወረዳቸው።